ጆንያውን ማን አወረደው

ማሂራ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ የሳቢሃ ግቢ ስትገባ አንዱ ነጠላ ጫማዋ ሽቦ ይዞት ቀረ። ተመልሳ አላነሳችውም። አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ ቀጥ ብላ ወደ ዶሮ ቤቱ ሄደች። ግቢው ውስጥ ሰው የለም። የሳቢሃ ቤተሰብ ለኒካህ ሰርግ ተጠርቶ ጅሬን ወጥቷል፤ የማሂራ እናትም አብራ ሄዳለች። ማሂራ ግን «ራሴን አሞኛል» ብላ ቀርታለች። ራሷን ምንም አላመማትም። አንጀቷ ነው ያረረው።

ትናንት ጫጩቶቿ አለቁባት። ያውም ጫጩት ይባሉ እንጂ ላባቸው ሞልቶ ቄብ ሊሆኑ ትንሽ ነበር የቀራቸው። ቀትር ላይ ከቁርዓን ቤት ስትመለስ፣ ክንፋቸውን ዘርግተው፣ አፋቸውን ከፍተው፣ ቆርቆሮው ስር ተዘርረው አገኘቻቸው። እጇ ላይ ወጥታ የምትበላው ገብስማዋ እንኳ አልተረፈችም። የቀሩት ጥቂቶቹም ለመቆም አቅም አልነበራቸውም፤ እነሱም ሳይመሽ ሞቱ።

የገደላቸው ፀሐይ ነው። ፀሐዩን ያስገባባቸው ግን ሰው ነው፤ ማሂራ በዚህ እርግጠኛ ነበረች። በየካቲት የጅማ ፀሐይ ቆርቆሮ ላይ ሲያርፍ ዶሮ ቤት ውስጥ እጅ ማስገባት አይቻልም። ለዚህ ብላ ነው በየጠዋቱ የቃጫ ጆንያ ውሃ ነክራ ፀሐይ በሚመታው በኩል ሽቦው ላይ የምትሰቅለው። ነፋሱ በእርጥቡ ጆንያ አልፎ ሲገባ ውስጡ ቀዝቀዝ ይላል። ጆንያዎቹን እናቷ ሐጂራ ቡና ከምትለቅምበት መጋዘን ለምና ነው ያመጣችላት። ትናንት ታዲያ ጆንያዎቹ ከቦታቸው የሉም። ሽቦው ራቁቱን ቀርቷል።

ማን እንደወሰዳቸው ለማወቅ መቼም ፖሊስ መጥራት አያስፈልግም። ሐሙስ ዕለት ሳቢሃ ጆንያ ልትለምን መጥታ ነበር። የአርባ አምስት ቀን ጫጩት የሚያዞረው ሰውዬ ወደ ሰፈራቸው በቾ ቦሬ ሲመጣ ሁለቱ ልጆች ከአንድ ካርቶን ነው የተካፈሉት፤ ጓደኛሞችም ነበሩ።

«አንዱን ብቻ ስጪኝ፣ ማሎ፣ እባክሽ፣» አለች ሳቢሃ።

«ለኔም አይበቃኝም። እናትሽን አትጠይቂም?»

«የኔ እናት መጋዘን አትሠራም።»

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግሽ?»

ሳቢሃ ፊቷ ተለዋወጠ። «እሺ፣ ይሁንልሽ። የማን ጫጩት እንደሚተርፍ እናያለን» ብላ በሩን በኃይል ዘግታባት ሄደች።

እናያለን አለች፣ ይኸው ታየ። ማሂራ ትናንት የሞቱትን ጓሮ ቀብራ በአጥሩ ስታጮልቅ፣ የሳቢሃ ዶሮ ቤት ላይ ውሃ የሚያንጠባጥብ የቃጫ ጆንያ ተሰቅሏል። ከዚያ ወዲያ እህል በአፏ አልዞረም። ለእናቷም አልተናገረችም። ብትናገር «ተይ፣ ጎረቤት ነው» እንደምትላት ታውቃለች፤ ማሂራ ደግሞ መተው አልፈለገችም።

አሁን ጆንያውን ጎትታ አወረደችው። ጫጩቶቹ ደንግጠው ጥግ ያዙ። የውሃ ጣሳቸውንም አውጥታ መሬት ላይ ደፋችው፤ ደረቁ አፈር ወዲያው ጠጣው።

«በሉ እናያለን፣» አለቻቸው።

ጆንያውን ጠቅልላ፣ ጫማዋን ከሽቦው አላቃ ወደ ግቢዋ ተመለሰች። ጆንያውን ሽንት ቤቱ ጀርባ ደበቀችና አጥሩ ሥር ተቀምጣ ጆሮዋን ጣለች። መጀመሪያ ጫጩቶቹ ይጮሁ ነበር። እየቆየ ጩኸታቸው ቀነሰ። ደስ አላት፤ እውነቷን ነው ደስ ያላት። ሳቢሃ በሰርግ ቀሚሷ መጥታ ስታያቸው ምን ዓይነት ፊት እንደሚኖራት አሰበች። የኔ ሐዘን ይድረሳት። እሷም አፈር ትቆፍር።

ከኋላዋ የእግር ኮቴ ስትሰማ ዞረች። አያቷ አባባ ሙሐመድሳኒ ናቸው። ለእግራቸው ሕክምና ዓርብ ዕለት ከአጋሮ መጥተው እነሱ ቤት አርፈዋል። ዕድሜያቸውን የቡና መጋዘን ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። የደበቀችውን ጆንያ ይዘው፣ እየጨመቁ፣ የልብስ ገመዱ ላይ ሊያሰጡት ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ደግሞ እርጥብ ጆንያ?» አሉ። «የቡና ሰው ልጅ ሆነሽ ጆንያ ታበሰብሻለሽ? አያሳዝንሽም?»

«ደግሞ ማለት፣ አባባ?»

«ትናንትም ዶሮዎቹ ላይ ረጥቦ ተሰቅሎ አይቼ አወረድኩት እንጂ። እርጥብ ጆንያ ይሻግታል። የሻገተ ጆንያ ደግሞ ስንቱን ቡና አበላሽቶ ያስጥላል። እኛ መጋዘን ውስጥ እርጥብ ጆንያ ካየን የያዝነውን ጥለን ነበር የምናሰጣው። ከቤቱ ጀርባ አድርቄ፣ አጣጥፌ፣ አልጋዬ ሥር አኑሬልሻለሁ።»

ማሂራ ብድግ አለች። «ትናንት ለምን አልነገሩኝም?»

«ማን ጠየቀኝ? አንቺ እንደሆነ ስታለቅሺ ነው የዋልሽው። ዶሮዎቹን ፈንግል መቷቸው መስሎኝ ነበር።» አያቷ እጃቸው ላይ ያለውን ጆንያ አዩት። «ይሄስ የማን ነው? የእናትሽ አይመስልም።»

ማሂራ አሁን ገና ጆንያውን ልብ ብላ አየችው። ጆንያ እንኳ አይደለም። ከየቦታው የተለቀመ የቃጫ ቁርጥራጭ በሰማያዊ ክር ተሰፍቶ የተገጣጠመ ነው። ሳቢሃ ስትሰፋው ቁጭ ብላ ስንት ሰዓት እንደፈጀባት እንጃ።

ጆንያውን ከእጃቸው ነጥቃ፣ በሌላ እጇ ጀሪካኑን አንጠልጥላ ወደ አጥሩ ሮጠች። አያቷ «ምነው?» ሲሉ ሰማች።

ዶሮ ቤቱ ውስጥ ያለው ሙቀት ፊቷን መታው። ጫጩቶቹ አይጮሁም። ክንፋቸውን ከገላቸው አርቀው፣ አፋቸውን ከፍተው ያለከልካሉ፤ አንዳንዶቹ በደረታቸው ተኝተዋል። ልክ ትናንት እንዳየችው ነው። እያነሳች ሙዙ ሥር ጥላው ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ድንገት በውሃ ብትደፍቃቸው እንደሚደነግጡ ታውቃለች፤ እግራቸውን ብቻ ጣሳ ውስጥ እየነከረች፣ በጣቷ አፋቸው ላይ ውሃ አንጠባጠበችላቸው። ጆንያውን ነክራ መልሳ ሰቀለች። ካርቶን አንስታ ክንዷ እስኪዝል አራገበች። «ተነሱ፣ አቦ፣ በአላህ ተነሱ፣» ትላቸዋለች።

ተነሱ። አንዱ ጠጣ፣ ሌላው ራሱን አራገፈ፣ ነጯ ቄብ ተንገዳግዳ ቆመች። አንዷ ቀይ ግን አልተነሳችም። ማሂራ ደጋግማ እግሯን ነከረችላት፣ አራገበችላት። ቀይዋ አንገቷ ላላ።

በር ላይ ባጃጅ ሲቆም ሰማች። ማምለጫ ጊዜ ነበራት። የአጥሩ ቀዳዳ ከእሷ ብዙም አይርቅም፣ ሳቢሃ ደግሞ ገና ከሾፌሩ ጋር እያወራች ነው። ማሂራ ቀይዋን ይዛ ተነሳች፤ ቀዳዳውን አየችው፤ ተመልሳ ተቀመጠች።

ሳቢሃ ብቻዋን ነበረች፣ የሰርግ ቀሚሷን በእጇ ሰብስባ። «ውሃቸው ያልቃል ብዬ ጥያቸው መጣሁ...» ብላ ጀመረችና ቆመች። ሙዙ ሥር የተደረደሩትን ጫጩቶች፣ ጣሳውን፣ ካርቶኑን፣ ላብ ያጠመቃትን ማሂራን አየች። ወዲያው ልታለቅስ ደረሰች።

«ጆንያው ወድቆባቸው ነው? ነፋሱ ነው አይደል?» ቀሚሷን ረስታ አፈሩ ላይ ተንበረከከች። «የኔ እህት፣ አንቺ ባትኖሪ አልቀውብኝ ነበር እኮ። ያንቺን ሰምቼ ልመጣ ነበር፣ ግን ያን ቀን ክፉ ተናግሬሽ ፈራሁ። አንቺ ግን መጣሽልኝ።» እጇን ማሂራ ትከሻ ላይ አደረገች።

ማሂራ አንገቷን መነቅነቅ ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። መናገር እንኳ አያስፈልግም። ነፋሱ ሁሉንም ይሸከምላታል፤ ነገ አብረው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ማሂራን ያመሰግናታል።

«ነፋስ አይደለም፣» አለች። «ያወረድኩት እኔ ነኝ። ውሃውንም የደፋሁት እኔ ነኝ። የኔን የገደልሽብኝ አንቺ መስለሽኝ ነው። አንቺ አይደለሽም።» ቀይዋን በሁለት እጇ አቀበለቻት።

ሳቢሃ ቀይዋን ተቀብላ ብዙ ጊዜ አየቻት። እጇ ከማሂራ ትከሻ መቼ እንደተነሳ ማሂራ አላወቀችም።

«እኔ ሳልደርስብሽ ብትጨርሺ ኖሮ ትነግሪኝ ነበር?»

ማሂራ አሰበች። አዎ ማለት ቀላል ነበር። «አላውቅም፣» አለች።

«ውጪልኝ።»

«እወጣለሁ። ጀሪካኑ ባዶ ነው፣ ፀሐዩ ደግሞ ገና ነው። ውሃ ሞልቼላቸው እወጣለሁ።»

ሳቢሃ ጀርባዋን ሰጠቻት። ማሂራ ጀሪካኑን አንስታ ወደ ቧንቧው ሄደች።