አምስተኛው ቀሪ

አለንጋው ሦስተኛ ጊዜ ሲያርፍ የጋሽ ወዬሳ ሸሚዝ ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው ተተረተረ። አለንጋው የራሳቸው ነው። ጋሪያቸውን የሚጎትተውን ፈረስ እንኳ እምብዛም አይገርፉበትም ነበር። የቀበሌው ጥበቃ አምባዬ ከጋሪው ላይ መንጭቆ አምጥቶት ነው።

«ስንት ቀን ነው ከመሠረተ ትምህርት የቀረው?» አለ ሊቀመንበሩ ጓድ ገሠሠ፣ ወደ አበዛሽ ዞሮ። «ጮክ ብለሽ ተናገሪ!»

አበዛሽ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ዕድሜዋ ዐሥራ አምስት። ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በቀበሌው አዳራሽ አዋቂዎችን ፊደል ታስቆጥራለች፤ ለመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተመድባ። የስም መቆጣጠሪያው መዝገብ በእጇ ነው። የተገኘ ሰው ስሙ ፊት ራይት ይደረግለታል፤ የቀረ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ «ቀ» ይጻፍበታል። ያን ቀይ እስክሪብቶ የተቀበለች ዕለት እንዴት ተኩራርታ ነበር! ለእናቷ ሳይቀር አሳይታዋለች።

«ሦስት» አለች።

«አልሰማሁም!»

«ሦስት ቀን!»

አምባዬ ለእያንዳንዱ ቀን አንድ አንድ ጨመረላቸው። ጋሽ ወዬሳ በግንባራቸው ተደፉ። ቀና ሲሉ አፋቸው አፈርና ደም ሞልቶታል።

«የእርስዎን ድንጋይ ሳመላልስ አይደል የቀረሁት?» አሉ ሊቀመንበሩን። «ለእርስዎ ቤት! ሦስቱንም ቀን!»

እውነታቸውን ነው። ሊቀመንበሩ ለሚያሠራው ቤት ጋሪው በነጻ ድንጋይ ሲያግዝ ያላየ የሠፈሩ ሰው አልነበረም። ያን ጊዜ መቅረታቸውን ማንም አላነሳባቸውም። በአራተኛው ቀን ፈረሱ አነከሰና «ዛሬስ አልችልም» አሉ። ጓድ ገሠሠ መዝገቡን የፈለገው ይኼኔ ነው፤ ለትምህርት ያለው ፍቅር ድንገት የጸናበት።

አምባዬ አፋቸውን በከስክስ ጫማው መታቸው። ሊነሱ መሬት ሲደገፉ ክንዳቸው ላይ ቆመበት። አጥንቱ ሲሰበር በቀበሌው ግቢ የነበረ ሁሉ ሰማ። እትዬ አረጋሽ፣ የጋሽ ወዬሳ ጎረቤት፣ ጩኸታቸውን በነጠላቸው አፈኑ። አምባዬ ሽማግሌውን እግራቸውን ይዞ እየጎተተ ከአዳራሹ ጋር በተያያዘው የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ቆለፈባቸው።

አበዛሽ መዝገቡን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ቆማ ነበር። ሦስቱን «ቀ» የጻፈችው እሷ ናት። «እኔ ነኝ» አለች በልቧ፤ «ያስገረፍኳቸው እኔ ነኝ።»

በማግስቱ ማክሰኞ ጓድ ገሠሠ አዳራሹ ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቃት። ስም እየጠራች የጋሽ ወዬሳ ጋ ስትደርስ ድምፅዋ ተቋረጠ።

«ምነው ቆምሽ?» አላት።

«እሳቸው... ታስረዋል እኮ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ታስሯል ወይ አላልኩሽም። ክፍል ውስጥ አለ?»

«የሉም።»

«እንግዲያው ጻፊያ!»

ስማቸውን እንኳ ሳትጠራ «ቀ» ብላ ጻፈች። አራት ሆነ።

ሰዉ ሲወጣ ጓድ ገሠሠ ወደ ጥቁር ሰሌዳው መጥቶ አጠገቧ ቆመ። ድምፁ የአባት ድምፅ ነበር። «ነገ አምስት ይሞላል። አምስት ቀን የቀረ ፀረ አብዮት ነው፤ ወደ ከፍተኛ እልከዋለሁ። ያንቺ ጽሑፍና ፊርማ ከሌለበት ግን እዚያ አይቀበሉኝም። ወንድምሽ ሐዲስ ዐሥራ ስምንት ሞላው አይደል? የብሔራዊ ውትድርናው ዝርዝር እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። እስካሁን ስሙ አልገባም።»

ከፍተኛ ማለት የቀበሌዎቹ ሁሉ የበላይ ነው። እዚያ ታስሮ የተመለሰ ሰው አበዛሽ አታውቅም።

ቤት ስትደርስ ሐዲስ ደጃፉ ላይ የብስክሌት ጎማ ይለጥፋል። ሁሉንም ነገረችው። እጁ ሙጫ እንደያዘ ቀረ።

«እና ምን ልትይ ነው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አንተን ጦር ሜዳ ልላክህ?»

«አንቺ ደግሞ ፋራ ነሽ።» ሊስቅ ሞከረና አልሆነለትም። «እኔን ሰበብ አታድርጊኝ፣ አቡ። እሱ ሰውዬ ዛሬ ዝም ካልሽው ነገ ሌላ ነገር ይፈልጋል። ያን ጊዜም ስሜን ያነሳብሻል።»

«አትፈራም?»

«እፈራለሁ እንጂ!» አለ ሐዲስ፤ ጎማውን እያየ። «እንዴት አልፈራም?»

ረቡዕ ዐሥር ሰዓት ላይ ነፋሱ የናዝሬትን አቧራ እያነሳ የአዳራሹን መስኮት ይደበድባል። ተማሪዎቹ አግዳሚው ላይ ተጠጋግተዋል፤ አንድም የቀረ የለም። ማን ደፍሮ ይቀራል? ጓድ ገሠሠ ኋላ ተቀምጧል፤ አምባዬ በሩ ላይ ቆሟል። ከቆርቆሮው ግድግዳ ማዶ የሚያቃስት ድምፅ ይሰማል። ሁሉም እንዳልሰማ ሆኖ ሰሌዳው ላይ አፍጥጧል።

«አረጋሽ ደስታ!»

«አለሁ።»

ራይት።

እስክሪብቶው በላብ ከእጇ ሊያመልጥ ደረሰ። የሚቀጥለው መስመር ላይ ሦስት ቀይ «ቀ» አለ፤ አራተኛውም የትናንቱ። ባለፈው ሳምንት ጋሽ ወዬሳ ስማቸውን መጻፍ የቻሉ ዕለት ጋሪያቸው ላይ በከሰል ጽፈው እንዳሳዩአት ትዝ አላት።

ፊቷን ወደ ቆርቆሮው ግድግዳ አዞረች። ከዚያ በፊት ጮኻ በማታውቀው ድምፅ ጮኸች።

«ወዬሳ ኢተፋ!»

ማቃሰቱ ቆመ።

«አለሁ!» አለ የተሰነጠቀ ድምፅ ከማዶ። «አለሁ፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ! እዚሁ ነኝ!»

አምባዬ እየሮጠ ወጣ። የመጋዘኑ በር ሲበረገድ፣ ከዚያም ዱላው ሲያርፍ ተሰማ። በእያንዳንዱ ምት ግድግዳው ተንቀጠቀጠ፤ አቧራ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ረገፈ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። በመካከሉ ያው ድምፅ፣ እየደከመ፣ «አለሁ» ይላል።

እትዬ አረጋሽ ብድግ አሉ። «ጋሽ ወዬሳ አሉ!» አሉ። «ሁላችንም ሰምተናል።»

«ተቀመጪ!» ጓድ ገሠሠ በታጠቀው ሽጉጥ ላይ እጁን አድርጎ ወደ ፊት መጣ። ከአበዛሽ አንድ እርምጃ ሲቀረው ቆመና እጁን ዘረጋ። «መዝገቡን አምጪው። የወንድምሽን ነገር ረሳሽው መሰለኝ።»

አልረሳችም። የሐዲስ ሙጫ የነካው እጅ ፊቷ ላይ ድቅን ብሎ ነበር። እንባዋ መዝገቡ ላይ ጠብ አለ። በእጇ መዳፍ ጠረገችውና በጋሽ ወዬሳ ስም ፊት፣ በረቡዕ ሥር፣ ራይት አደረገች። ከዚያ ወደ ማክሰኞ ተመልሳ በራሷ እጅ የጻፈችውን ቀይ «ቀ» ሰረዘችው። በላዩም ሌላ ራይት አደረገች።

«ትናንትም እዚሁ ነበሩ» አለች።

መዝገቡን ሳትሰጠው የሚቀጥለውን ስም ጠራች።