የድንጋይ ካባው ምሳ

ወለተሩፋኤልና ፋንታሁን የተዋወቁት በጭቃ ነው።

ጣሊያን በወጣ በዐሥረኛው ዓመት፣ በሐምሌ፣ ከወለቃ አዲስ ድስት ገዝታ ወደ ጎንደር ስትመለስ ሠራተኞች የጫነች ማኪና ጭቃ ረጭታባት አለፈች። ደንግጣ ስትዘል ድስቱ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። ማኪናዋ አልቆመችም። አንድ ወጣት ግን ከላይ ዘሎ ወረደና በዝናብ እየሮጠ ተመለሰ።

«ይቅር በይኝ» አላት እያለከለከ።

«ምነው? ነጂው አንተ ነህ እንዴ?»

«አይደለሁም። ግን አንድ ሰው እንኳ ይቅርታ ሳይጠይቅሽ ብትሄጂ ደስ አይለኝም።»

ሳቀች። በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ አዲስ ድስት ታቅፎ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው።

አባቷ መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ ለዲያቆን ሊድሯት አስበው ነበር። የጠየቃት ፋንታሁን የድንጋይ ሠራተኛ መሆኑን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። «ያ የድንጋይ ካባ አምና ሁለት ሰው ቀብሯል። አንቺን ያሳደግሁት ከል እንድትለብሺ አይደለም» አሏት። እሷ ግን ዓመት ሙሉ የመጣውን ሽማግሌ ሁሉ እምቢ አለች። በመጨረሻ አባቷ ሁለቱን መረቋቸው፤ ፈገግ ሳይሉ መረቋቸው።

ካባው ከወለቃ በላይ፣ ከአንድ ጥቁር ገደል ሥር ነበር። ድማሚት ስለሚቀመጥበት እሳት መጫር ክልክል ነው። ስለዚህ የፋንታሁን ምሳ ከቤት የሚሄድ፣ ሳይሞቅ የሚበላ፣ ደግሞም በድሃ አቅም የሚሠራ መሆን ነበረበት። ወለተሩፋኤል የሳምንቱን አስቀድማ ታሰናዳለች፦ ገብስ ቆልታ ለበሶ ትፈጫለች፤ ለጾሙ ቀን ስልጆ ትጥዳለች፤ ለፍስኩ፣ ቅቤ ከተገኘ፣ ጭኮ ትለውሳለች። ጠዋት የሚቀራት ወፍራም ዳቦ ቆርሳ አገልግሉን መክደን ብቻ ነው። ማታ ባዶውን አገልግል ሲያቀብላት «ዛሬስ ስልጆሽ አስለቀሰኝ! ሸጋ ነበር» ይላታል፤ እሷም ቀኑን ሙሉ የጠበቀችው ይህችን ቃል ነበር።

በጥር ወር አገልግሉ ከብዶ መመለስ ጀመረ። መጀመሪያ ግማሹ፤ በኋላ ምንም ሳይነካ።

«አልበላህም?»

«በላሁ።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

ዓይኑ ከዓይኗ ሸሸ። እራት ላይ በር ገጭ ቢል እንኳ ጉርሻው ከእጁ ይወድቅ ጀመር።

ጎረቤቷ አልማዝ ነገሩን ሰምታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እኅቴ፣ ከካባው ማዶ ጠላ የምትሸጥ ቆንጆ አለች ይላሉ። እስቲ ሄደሽ እዪ።»

ረቡዕ ዕለት ሄደች። ባዶ እጄን ብሄድ ልሰልለው የመጣሁ ይመስላል ብላ የሦስት ቀኑን ዳቦና ስልጆ ሁሉ ተሸክማ ነበር። ስትደርስ ቀትር ሆኗል። ሠራተኞቹ ከገደሉ ጥላ ሥር ምሳቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ፋንታሁን የለም።

«ባልሽ እንደ ልማዱ ከገደሉ አናት ላይ ነው» አላት ዳኛው የሚባለው ካቦ እየሳቀ።

ዳገቱን ወጣች። ሴት የለችም። ፋንታሁን ብቻውን ተንበርክኮ በአንድ ረጅም ስንጥቅ ላይ ጭቃ ይመርጋል። ቅናቷ ጠፋ፤ በቦታው የገባው ግን ከቅናት የባሰ ነበር።

«ድንጋዩ ካልተንቀሳቀሰ ጭቃው እንደተለጠፈ ይደርቃል» አላት ዞር ሳይል። «ከጥር ወዲህ በየቀኑ ተሰንጥቆ ነው የማገኘው። የዛሬው ገና እርጥብ ሳለ ተሰነጠቀ።»

«ለካቦው አልነገርህም?»

«ሦስት ጊዜ። ፈሪ ከሆንህ ከሚስትህ ጋር ቤት ዋል አለኝ።»

«ለእኔስ?»

እጆቹን አየ። «‹አባቴ ልክ ነበሩ› እንድትዪ አልፈለግሁም። ከሥራ እንዳልቀር ደግሞ እነዚህን ሰዎች ማን ይጠብቃቸዋል? እህሉ አልወርድ ያለኝ ለዚህ ነው።»

ከእግራቸው ሥር ድንጋዩ እንደ ደረቅ እንጨት ሲጥ አለ። ጠጠር ወረደ። ሁለቱም ተያዩ።

ወለተሩፋኤል ‹ሽሹ› ብትል እንደሚስቁባት ገብቷት ምግቧን እንደያዘች ቁልቁል ሮጠች፤ ፋንታሁንም ተከተላት። ከገደሉ ርቃ፣ ከመንገዱ ማዶ ነጠላዋን ዘረጋችና ዳቦውን ቆረሰች። «ወንድሞቼ! የቅዱስ ሩፋኤል ስለት ነው! እምቢ አይባልም፤ ኑ ቅመሱልኝ!» አልዋሸችም፤ እየሮጠች ተስላ ነበር። ሰዎቹ እየተሳሳቁ ተነሡ። ካቦውም ስልጆው ሸቶት ተከተለ።

አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ድማሚት ጆሮውን የደፈነው አያ የሻው ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አድርጎ ከገደሉ ሥር ተኝቷል።

ፋንታሁን አየው። እሷ የሸማውን ጫፍ ጨመደደች። «አትሂድ!»

ዞሮ አያት። ያገባችው በዝናብ ሮጦ የተመለሰውን ሰው ነበር። እጇን የፈታችው ራሷ ናት።

እሱ አያ የሻው ዘንድ ሲደርስ ገደሉ አቃስቶ ወረደ። ምድር ተንቀጠቀጠች፤ አቧራው ፀሐይን ሸፈነ። ስሙን ጠራች፤ ደጋግማ ጠራች። ከአቧራው ውስጥ መጀመሪያ የወጣው አያ የሻው ነበር፤ ፋንታሁንን በብብቱ ይዞ እየጎተተ። «ገፍቶኝ ነው! እኔን ገፍቶ ነው!» እያለ ያለቅሳል።

ፋንታሁን በሕይወት አለ። ቀኝ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

መሪጌታ ሆስፒታል መጡ። በሽተኛውን ብዙ ጊዜ ቆመው አዩት፤ ከዚያ ቀስ ብለው «ልጄ፣ ወደ ቤትሽ አትመለሺም?» አሏት።

«ቤቴማ ይኸው፣ እዚህ ተኝቷል» አለቻቸው። መሪጌታ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። በማግስቱ ሁለት ቁና ገብስ ላኩላት።

ከፋሲካ በኋላ ካባው በሌላ ጎኑ ተከፈተ። ሠራተኞቹ መጥተው ምሳችንን አንቺ ሥሪልን ብለው ለመኗት። «እሺ፤ ግን ከመንገዱ ማዶ የማይበላ ሰው ከእኔ ዳቦ አያገኝም» አለች። ፋንታሁን ተቀምጦ ገብሱን ይለቅማል፤ እሷ ትፈጫለች።

ቀትር ሲሆን ግን ሁለቱም ሥራቸውን ይተዋሉ። ከወለቃ በኩል የድማሚቱ ድምፅ ይሰማል፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ በኋላ ሌላ ድምፅ አለመኖሩን እስኪያረጋግጡ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጣሉ። ዝምታው ሲጸና እጇን ይይዛትና «በይ፣ እንብላ» ይላታል።