አርባ አንድ ጊዜ አትሂጂ

እኔ ጎሚስታ ነኝ። ጎማ እነፋለሁ፣ ቀዳዳ እደፍናለሁ፣ በመሃል በሰው እቀልዳለሁ። ከትምህርት ጋር አራተኛ ክፍል ላይ ተሰነባብተናል፤ እሱም አልከፋው፣ እኔም አልከፋኝ።

እሷን ያወቅኳት የጎማ ማውጫ ብረት ጣቴን ቆርጦኝ ፋርማሲ የገባሁ ቀን ነው። እጄን አየችው። ቁስሉን አይደለም፣ ግራሶውን።

«መጀመሪያ ታጥበህ ና» አለችኝ።

«እስክታጠብ ደሜ ያልቃል'ኮ።»

«እንዲህ የሚለፈልፍ ሰው ደሙ አያልቅም።»

ታጥቤ ተመለስኩ። ጣቴን ስትጠቀልልልኝ አንዴ ቀና ብላ አየችኝ፤ ወዲያው ፋሻው ላይ አቀረቀረች። በቃ፣ አለቀልኝ። በሳምንቱ ምንም ሳልቆረጥ ሄድኩ። «ዛሬስ ምንህን ነው?» ስትለኝ ደህናውን ጣቴን ዘረጋሁላት። ስቃ ስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝ።

ስምንት ወር በጽሑፍ መልእክት ተዋደድን። የኔ ስልክ ባለ ቁልፍ ናት።

«ለምን ደህና ስልክ አትይዝም?» ትለኛለች። «እኛ ፋርማሲ ውስጥ የምንጻጻፍበት አፕ አለ፤ መልእክቱን መሃል ላይ ማንም ከፍቶ አያነበውም።»

«የኔን ማን ቢከፍተው ምን ያገኛል? የፊደል ግድፈት።»

ትስቃለች። አሁን ሳስበው የሚያስቅ ነገር አልነበረውም።

አለቃዬ አዲስ ጎማ በገባ ቁጥር በኔ ስልክ ለሦስት መቶ ሾፌር ማስታወቂያ ያስልከኛል። አንድ ቀን ሰለቸኝና ከራሴ ጨምሬ «ዛሬ ብቻ ንፋስ በነፃ» ብዬ ላክሁላቸው። ንፋስ ድሮም በነፃ ነው። መኪናው ግን እስከ መታጠፊያው ተሰለፈ። አለቃዬ መፍቻ ይዞ አሯሯጠኝ። እሷ ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ንፋስ በነፃ» ሆነ።

ያ በሆነ በሁለተኛው ቀን አለቃዬ ከአንድ ጭነት መኪና ጋር ላከኝ፤ ጎማው መንገድ ላይ እያስቸገረ ነበር። ሰኞ ዕለት፣ ከከተማ እንደራቅን፣ መልእክቷ ደረሰኝ።

«ወንድሜ እሱ ያለበት ከተማ ፋርማሲ ከፍቷል። ነይ፣ ሁለት ዓመት አብረሽኝ ሥሪ ብሎኛል። ሐሙስ እሄዳለሁ። አትሂጂ ካልከኝ እቀራለሁ። እንዳትደውል፣ ስትደውል ትቀልዳለህ። ጻፈው። ዝም ካልክ ገብቶኛል።»

«አትሂጂ» ብዬ ላክሁ። ስልኬ «ተልኳል» አለችኝ።

መልስ የለም። ደገምኩ። ማክሰኞ ሲመሽ ሃያ ደረስኩ፣ ረቡዕ አርባ ሞላሁ። ሁሉንም «ተልኳል» ትለኛለች። መጨረሻ ላይ ደወልኩ። ዘጋችብኝ። ደግሜ ደወልኩ፣ ደግማ ዘጋችው። በቃ ጠላችኝ አልኩ።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ፣ ጭነቱን አራግፈን ስንመለስ፣ ጠባብ መንገድ መሃል ጎማ ፈነዳብን። ክሪኩን ከሥር አስገብቼ ቁጭ አልኩ።

«አንተ ልጅ፣ ምላስህን ማን ቆረጠው?» አለኝ ሾፌሩ። አባቴን ያህላል፣ ጋሼ ነው የምለው። ሁሉንም ነገርኩት።

«እስቲ ያንኑ ለኔ ላክልኝ» አለ።

ስልኮቻችንን ኮፈኑ ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ለአርባ አንደኛ ጊዜ «አትሂጂ» ብዬ ላክሁ፤ በዚህ ዕድሜው ለጋሼ። የኔዋ «ተልኳል» አለች። የሱ ጭጭ።

ጠበቅን። ጭጭ።

«የስልክ ኩባንያው መልእክትህን ዘግቶብሃል» አለ ቀስ ብሎ። «ለሦስት መቶ ሰው አንድ ዓይነት ነገር ስትረጭ አጭበርባሪ ነው ብሎ ይይዝሃል። አንድ ቃል ስትደጋግም ደግሞ ይብስብሃል። የወንድሜን ልጅም እንዲሁ አድርገውታል።»

«ታዲያ ለምን ተልኳል ይለኛል?»

«እሱን እነሱን ጠይቃቸው።»

የፈነዳው ጎማ ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ስልኳን እያነሳች ስታስቀምጥ ታየችኝ። እኔ አርባ ጊዜ ስለምናት፣ እሷ ዘንድ አንዲት ቃል የነፈግኳት ሰው ነኝ። የዘጋኝ ደግሞ ያ ንፋስ ነው፤ የገዛ ቀልዴ።

በጋሼ ስልክ ደወልኩ። አላነሳችም፤ የማታውቀውን ቁጥር አታነሳም።

«መሃል ላይ ማንም አይከፍተውም የምትልህ አፕ ይሄ ነው?» አለ ጋሼ፣ ስልኩን እያቀበለኝ። ቁጥሯን በቃሌ ነው የማውቀው። ሳስገባው ፎቶዋ ብቅ አለ፣ በነጭ ጋዋን።

«እኔ ነኝ፣ ንፋስ በነፃ። አርባ ጊዜ ልኬልሻለሁ፣ ኩባንያው በላብኝ። አትሂጂ።»

ከጽሑፉ አጠገብ አንዲት የጭረት ምልክት መጣች።

«ሁለት ስትሆን አነበበችው ማለት ነው» አለ ጋሼ።

አንድ ሆና ቀረች። ስልኩን መልሼለት፣ ሌላ የምሠራው ስላልነበረኝ፣ ብሎን መፍታት ጀመርኩ።

ያኔ አውቶቡስ መጣ። ወደ ወንድሟ ከተማ የሚሄደው መንገድ ይሄ ብቻ ነው። ግማሹን እኛ ስለዘጋነው እየተሳበ በጎናችን ማለፍ ጀመረ። ተነስቼ መስኮቶቹን አንድ በአንድ አየሁ። የተኛ ሰው። ሕፃን። አንድ ባርኔጣ። ከኋላ አራተኛው መስኮት ላይ እሷ።

አቀርቅራለች። ልክ እንደዚያ፣ ፋሻው ላይ እንዳቀረቀረችው።

መስታወቱን ልመታ እጄን አነሳሁ። የፊቷ ድካም ግን አስደንግጦኝ ዘገየሁ። ቀና አላለችም። አለፈችኝ።

«ሁለት ሆነች» አለ ጋሼ ከኋላዬ።

እኔን እያነበበች ነው ያለፈችኝ።

ስልኩ ጮኸ። «የት ነህ?»

በግራሶ ጣቴ ፊደሉ አልነካ አለኝ። ሱሪዬ ላይ ጠረግሁና ጻፍኩ፦ «አሁን ያለፍሽው መኪና ጋ።»

ሁለቱም ጭረቶች ወዲያው መጡ። ከዚያ ምንም። አውቶቡሱ መታጠፊያውን ዞረ፣ አቧራው ብቻ ቀረ። ማየት አልቻልኩም፤ ስልኩን ለጋሼ ሰጥቼ ፊቴን አዞርኩ።

ጋሼ ጉሮሮውን ጠረገና አነበበልኝ፦

«አስቁሜዋለሁ። ሩጥ። ሳትታጠብ ና።»