ሦስት ካርታና አንድ ወንዝ

ጎርፉ ድልድዩን ጠራርጎ ከወሰደው ሁለተኛ ቀኑ ነው። ከወንዙ ማዶ የአንድ ቀያሽና የአንዲት አዋላጅ ታናሽ እህት መንታ አርግዛ ቀኗ ደርሷል። እዚያ ባለው ጤና ጣቢያ ያለችው አንዲት ጀማሪ ነርስ ብቻ ናት፤ አዋላጇ እህቷ ደግሞ ወዲህ ቀርታለች። መኪና አይሻገርም። በብስክሌት ቆላውን አቋርጦ፣ ወንዙ የሚሳሳበትን ቦታ ፈልጎ ከመሻገር በቀር ምርጫ አልነበረም።

አዋላጇ የማዋለጃ ቦርሳዋን ብስክሌቷ ላይ ጠፍራ ከንጋት ጀምሮ በር ላይ ቆማለች። ታላቅ ወንድሟ ግን የሳሎኑ ወለል ላይ ሦስት ካርታ ዘርግቶ በጉልበቱ ይድሃል። ሠላሳ ዓመት መሬት ሲቀይስ ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ልጅቷ እኮ ምጥ ይዟት ይሆናል።»

«ይሄኛው አቀበት ቁልቁለቱን ያሳያል፣ ግን አርጅቷል። ይሄ አዲስ ነው፣ የእግር መንገድ የለውም። ይሄ ደግሞ...»

«ስልኬ ላይ ሁሉም አለ።»

«ስልክሽ ገደልና ሜዳ አይለይም።»

ሁለት ሰዓት ላይ ሦስቱንም ላስቲክ ውስጥ ከቶ፣ ኮምፓሱን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ የራሱን ብስክሌት እየገፋ ወጣ። እሷ ጥርሷን ነክሳ ፔዳሉን ረገጠች።

የመጀመሪያው ሰዓት ሰላም ነበር። ከዚያ ሰማዩ ጠቆረና ዝናቡ ይወርድባቸው ጀመር። ስልኩ «ቀጥታ» ባለው መንገድ ጭጋጉን ሰንጥቃ ስትከንፍ የፊት ጎማዋ ድንገት አየር ረገጠ። ወንድሟ ከኋላ ኮርቻውን ጨምድዶ ባይጎትታት ኖሮ ገደሉ ውስጥ ነበረች።

«ሜዳ ነው አለሽ?»

ስልኳን ነካካችው። ስልኩ ውሃ ገብቶበት ጭልም ብሏል።

ተራው የእሱ ሆነ። አሮጌው ካርታ ጥርት ያለ የሣር ሜዳ አሳየ፤ የደረሱበት ግን ሰው የሚያህል የእሾህ ቁጥቋጦ ነው። ብስክሌቶቹን ተሸክመው፣ ልብሳቸው እየተዘነጠለ፣ ሁለት ሰዓት ታገሉ። ሲወጡ የእሱ ብስክሌት ሁለቱም ጎማዎች ተንፍሰው ነበር።

«እዚህ ላይ ሜዳ ነው የሚለው» አለ ካርታውን በጣቱ እየመታ።

«ካርታህ ሲሳል እኔም አልተወለድኩም።»

ጎማዎቹን ለጥፎ ሳይጨርስ ዝንጀሮዎች ከቋጥኙ ወረዱ። ትልቁ ወንድ ዝንጀሮ ምግብ መስሎት የካርታዎቹን ላስቲክ አፈፍ አደረገ። ቀያሹ ሊቀማው ተንደረደረ፤ ዝንጀሮው ዞሮ ጥርሱን አገጠጠ። እህቱ በሸሚዙ ጎትታ ጣለችው።

«ክንድህን ይዞልህ ይሄዳል፣ ተወው።»

አንደኛው ካርታ በጥርስ ተዘለዘለ፤ ሁለተኛው ዛፍ ላይ ወጣ። የቀረው መሬት ላይ የወደቀው፣ የእግር መንገድ የሌለው አዲሱ ብቻ ሆነ።

በሱ እየተመሩ ጠባብ ሸለቆ ሲገቡ ዱላ የያዙ ሁለት ሰዎች መንገዱን ዘጉባቸው።

«ብስክሌቶቹን አስቀምጡና እለፉ» አለ አንደኛው፣ ቀስ ብሎ።

አዋላጇ በግራ በኩል ቁልቁል የሚወርድ የፍየል ዱካ አየች። «ጋሼ፣ ፍሬን እንዳትይዝ» አለችና ዘለቀች። ቀያሹ ዓይኑን ሊጨፍን ምንም አልቀረውም፤ ተከተላት። ድንጋይ ከጎማቸው ስር እየተፈናጠረ፣ የተወረወረ ዱላ ጆሮው ስር እያፏጨ፣ አንድ ጫማው ወልቆ ቀርቶ፣ ከወንዙ ዳር ተከምረው ወደቁ። ከላይ ማንም አልተከተላቸውም።

ወንዙ ደፍርሶ ያገሳል። ዳር ላይ አንዲት አሮጊት መረብ ይጠግናሉ። ቀያሹ የረጠበውን ካርታ ዘረጋ፤ መሻገሪያው ከታች፣ ጸጥ ያለው ውሃ ጋ ተሰምሯል። እህቱ ትዕግሥቷ አልቆ ፊቷን አዞረች። እሱ ካርታውን አየ፣ ውሃውን አየ፣ ከዚያ አጣጥፎ ኪሱ ከተተው።

«እናቴ፣ እርስዎ በየት ነው የሚሻገሩት?»

«ከላይ፣ የሚጮኸው ጋ። ከጉልበት አያልፍም። ጸጥ ያለው ጋ እንዳትሞክሩት።»

ብስክሌት በትከሻ፣ ቦርሳ በራስ፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። መሃል ሲደርሱ ቀያሹ ቁልቁል ተመለከተ። ካርታው ባመለከተው ጸጥታ ውስጥ ግንድ የመሰለ ነገር ዓይኑን ገልጦ ሰመጠ። የእህቱን እጅ ጠበቅ አደረገ።

አሥር ሰዓት ላይ ጤና ጣቢያው ደረሱ። የመጀመሪያው ልጅ በእግሩ እየመጣ ነበር። አዋላጇ ጭቃዋን ታጥባ ገባች። ቀያሹ በረንዳው ላይ ባንድ ጫማ ተቀምጦ በሩን ሲያይ አንድ ለቅሶ ሰማ። ከብዙ ዝምታ በኋላም ሌላ።

እህቱ እጇን እያደረቀች ወጣች። «ሁለቱም ደህና ናቸው። እሷም።»

ቀያሹ ባዶ እግሩን ከጭቃው ጠረገ። ከዚያ «ስንመለስ በየት በኩል ይሻላል ትያለሽ?» አላት።

አዋላጇ ትክ ብላ አየችው። ዕድሜዋን ሙሉ መንገድ አሳያት እንጂ ጠይቋት አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ስታብሰለስለው የዋለችው ቁጣ አፏ ላይ ቀረ።

«ፈቀቅ በል» አለችውና አጠገቡ ተቀመጠች።