ከጉብታው የተሰማው እልልታ

እስከዳር በምጥ ደም እየፈሰሳት፣ ከአዲ አርቃይ በላይ ካለችው መንደሯ በቃሬዛ ወርዳ መኪና መንገዱ ዳር ሞተች። አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጠብቃት የቆየው አምቡላንስ ትቷት ሄዶ ነበር። ሾፌሩ አወቀ ታሰረ፤ አገሩም «ገዳይ» አለው። አገር ለመፍረድ መቼ ሰንፎ ያውቃል።

ኢንስፔክተር ፍሬሰላም ከጎንደር መጥታ መጀመሪያ ያነጋገረችው እሱን ነበር።

«ከጉብታው ላይ እልልታ ሰማሁ። ቆጠርኩት፤ ሰባት ነው፣ የወንድ ልጅ» አላት። «ያም ሆኖ አልሄድኩም። ማዶ ቁልቁለቱ ላይ ባዶ ቃሬዛ ተሸክሞ ወደ መንደሩ የሚሮጥ ሰው ነበር። እሱ ቃሬዛውን አስቀምጦ፣ ተንበርክኮ መሬት ሳመ። ያኔ ነው ተገላገለች ብዬ ሌላ በሽተኛ ላነሳ የሄድኩት።»

ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ ሰርግ የለም። በዚያ ቀን በመንደሩ የወለደች ሌላ ሴትም የለችም። እልልታው ሆን ተብሎ የተባለ ነው።

ፍሬሰላም በሠልስቱ ዕለት ወደ መንደሩ ወጣች። ከሟች ቤት መንገዱ አይታይም፤ አምቡላንሱን ማየት የሚቻለው ከጉብታው ብቻ ነው። እልልታው በተሰማ ሰዓት የእስከዳር እናት አስናቀች ከልጇ ራስጌ አልተነሳችም። ከቤት የወጡት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ የመንደሩ አዋላጅ አመተ ሥላሴ ቅጠል ልትቆርጥ፣ አማትየዋ ወለተ ሚካኤል ውሃ ልትቀዳ። ሰው ሁሉ የጠረጠረው አዋላጇን ነበር፤ ከጤና ጣቢያ ሰዎች ጋር ዓይንና ናጫ ናትና። እሷም ብትምል ብትገዘት የሚያምናት አጣች።

ፍሬሰላም ሁሉንም ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ሰበሰበችና ወደ ባልየው ዞረች።

«ወንዴ፣ ቃሬዛውን ምነው አስቀመጥከው?»

«እልልታ ሰምቼ።»

«እልልታው ሐሰት መሆኑን ቤትህ ስትደርስ አየህ። ታዲያ ለማን ተናገርክ?»

ወንዴ ከመቀመጫው ሊነሳ ቃጣ።

«ሚስቱ እየደማች ቃሬዛ የያዘ ሰው የማያውቀውን ድምፅ ሰምቶ አይንበረከክም» አለች ፍሬሰላም። «ድምፁን ለይተኸዋል። የአመተ ሥላሴ ቢሆን ያኑ ዕለት ስሟን ትጠራ ነበር። አንተ ግን አወቀ ሲታሰር እንኳ አፍህን አልከፈትክም። በዚህ መንደር ይህን ያህል ዝም የምትልለት ሰው አንድ ብቻ ነው።»

ወንዴ አለቀሰ። «እናቴ ናት» አለ፤ «ምን ላድርግ?»

ወለተ ሚካኤል አልካደችም። የእህቷን ልጅ ሐኪም ቤት በኦፕራሲዮን አዋልደዋት ከዚያ ወዲያ መክና ቀርታለች። መኪናው ከሄደ ምራቴ እቤቷ በሰላም ትገላገላለች፣ ልጄም የልጅ አባት ይሆናል ብላ ነበር። ክፋት አላሰበችም፤ ግን ክፉ ያሰበ እንኳ ከዚህ የከፋ አያደርግም።

አስናቀች ሦስት ቀን ሙሉ በወለተ ሚካኤል ትከሻ ላይ ተደግፋ ነበር ያለቀሰችው። አሁን ቀና አለች፤ ፈቀቅ ብላም ለብቻዋ ተቀመጠች። በልጇ ሞት ያላዘነችውን ሐዘን ያን ጊዜ አዘነች።

«ልጄ እልልታሽን ሰምታው ነበር» አለቻት። «ዓይኗን ገለጥ አድርጋ፣ ‹እማ፣ ማን ተገላገለች?› አለችኝ። ‹እንጃ ልጄ› አልኳት። ‹እሰይ፤ እሷስ ተረፈች› አለች።»