አሥረኛው ምንጭ

ማመን አለማመን የእናንተ ነው። እኔ በገዛ ዓይኔ ያየሁትን ነው የማወራው።

ሌሊት አይደለም... ጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የኮሌጃችን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ።

የመመረቂያ ጥናቴ ስለ ነርሶች ድካም ነበር። አማካሪዬ አሥር ምንጭ እንድንጠቅስ፣ ያላነበብነውን ግን እንዳንነካ አስጠንቅቆናል። ዘጠኙን በላቤ አገኘሁ። አሥረኛው ጠፋ።

ቀኑ ሲያልቅብኝ... ፈጠርኩት።

ለደራሲው ስም አወጣሁለት፣ ለመጽሐፉ ርዕስ ሰጠሁ። "ገጽ 112" ብዬ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጻፍኩ።

"የደከመ ሰው ማንም ሳይጠራው አቤት ይላል።"

ጥናቴን ሲያገላብጥ የአማካሪዬ ጣት እሷው ላይ አረፈች።

"ይህን መጽሐፍ አላውቀውም። እስከ አሥር ሰዓት አምጪልኝ። ካልሆነ ዘንድሮ አትመረቂም።"

እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ለምረቃዬ ቀሚስ አሰፍታ ጨርሳለች። ምን ብዬ ልንገራት?

የፈለግሁ ለመምሰል ብቻ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። ሠራተኛዋ ስለማታወራ "እሜቴ ዝምታ" እንላታለን። ርዕሱን ስነግራት መዝገብ እንኳ አላየችም። ከጠረጴዛዋ ሥር መጽሐፍ አወጣች።

ርዕሱ ያው ነው። ደራሲውም።

"ከየት መጣ?" አልኩ በሹክሹክታ።

"ደራሲው ናቸው ያመጡት። ዛሬ ጠዋት። አንዲት ልጅ ትጠይቅሻለች አሉኝ..."

መጽሐፉ ይሞቃል፤ ሰው ብብቱ ሥር ይዞት የዋለ ይመስላል።

ገለጥኩት። ነጭ... ነጭ... ነጭ...

ገጽ 112 ላይ ያቺ ዓረፍተ ነገር ብቻዋን ተቀምጣለች። ከእሷ በኋላ እስከ መጨረሻው ነጭ ነው።

ለአማካሪዬ ወስጄ ያቺን ገጽ ብቻ ገልጬ ያዝኩለት። እሷን ብቻ አንብቦ "ጎበዝ" አለኝ። መጽሐፉን ያኔውኑ ለእሜቴ ዝምታ መለስኩና በሩጫ ወጣሁ።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔ ግን እያደር ከበደኝ።

የምረቃው ቀን ካባዬን እንደለበስኩ ወደ እህቴ ሄድኩ። ፊት ወንበር ላይ ናት። ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

"ለማን ይዘሽ ነው?"

"አንድ አዛውንት ነበሩ፣ አሁን ተነሡ። እኔ ባልኖር አትመረቅም ነበር አሉኝ..." ሳቀች። "ስማቸውንም አንቺ ነሽ አሉ ያወጣሽላቸው። ምን ዓይነት ሰው ነው የምትተዋወቂው አንቺ ልጅ?"

ከኋላዬ ስሜ ተጠራ።

"አቤት" ብዬ ዞርኩ።

ማንም የለም።

ፊቴን ስመልስ ባዶው ወንበር ላይ መጽሐፉ ተገልጧል። ገጽ 113።

ነጭ አልነበረም... ስሜ ተጽፎበታል፤ ቀለሙም ገና አልደረቀም።