ወለል የነካው ፔዳል

የዚያ ዓመት ብርድ ቀድሞ ገባ። ገና በጥቅምት የመኪና መስታወት ጠዋት ጠዋት በረዶ ይፋቅለት ጀመር። አሜሪካ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ ሆቴሎቹ ሠራተኛ ቀነሱ፤ የፓርኪንጉም ሥራ በሳምንት ሦስት ቀን ሆነ። ከአንድ ሕንፃ ብቻ ሁለት ቤተሰብ ኪራይ አቅቷቸው ወጡ። ጉንፋን የጣላቸው አንድ ሽማግሌ አልተነሡም። በጥቅምት የመጨረሻው ቅዳሜ ደግሞ ሄኒ ሞተ። ሃያ ስድስት ዓመቱ ነበር።

የሞተው በመኪናው ነው። ከከተማው ሁለት ሰዓት በሚያስኬድ የእሽቅድምድም ሜዳ፣ ማንም የራሱን መኪና ይዞ መጥቶ በሚነዳበት ቀን፣ ቀጥታውን መንገድ በሙሉ ፍጥነት ጨርሶ ኩርባው ላይ ሲደርስ አልቆመም። ከግንቡ ጋር ተላተመ። የሜዳው ሰዎች በማግሥቱ ፍሬኑን ረግጠው ሞከሩት፤ ጠንካራ ነው። የፍሬኑን ሸራ ለኩት፤ ወፍራም ነው። «የአሽከርካሪ ስሕተት» ብለው ጻፉ። ፖሊስም መዝገቡን ዘጋ።

ሰው ግን አልዘጋውም። ከአደጋው በፊት በነበረው ሳምንት የዚያን መኪና ፍሬን የሠራው ሀዲስ የሚባል የአሌክሳንድሪያ መካኒክ ነው። ከለቅሶው ቤት የተነሣው ወሬ በአሥር ቀን ውስጥ ጋራዡን ባዶ አደረገው።

ከፈለ በፓርኪንጉ መግቢያ ላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ሳለ አንዲት ልጅ መስኮቱን አንኳኳች።

«ጋሽ ከፈለ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ቲኬትሽን።»

«ፓርክ አላደረግኩም። የሄኒ እህት ነኝ፤ ኤፍራታ።»

ከፈለ መስኮቱን እስከ መጨረሻው ከፈተ። «እግዜር ያጥናችሁ።»

«አሜን። ድሮ አዲስ አበባ የትራፊክ አደጋ መርማሪ ነበሩ አሉኝ።»

«ማን አለሽ?»

«ጋሽ ሀዲስ። አጎቴ ታዴዎስ ሎየር ይዞ ሊከሰው ነው። እኔ ሄጄ ፊት ለፊት ጠየቅኩት። ‹ሳጅን ከፈለ ይመርምሩት፤ እሳቸው የሚሉትን እቀበላለሁ› አለኝ።»

የሀዲስን ስም ከፈለ ያውቀዋል። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት አንድ አውቶቡስ ገደል ሲገባ መርማሪው እርሱ ነበር። «የመካኒክ ጉድለት» ብሎ ፈረመ። መካኒኩ ሀዲስ ነበር፤ አንድ ዓመት ከአራት ወር ታሰረ። ከሦስት ዓመት በኋላ ከአደጋው የተረፈ አንድ ተሳፋሪ፣ ሾፌሩ ያን ሁሉ ቁልቁለት ማርሽ አውጥቶ በፍሬን ብቻ እንደወረደው ለከፈለ ነገረው። ከፈለ የሰውየውን ቃል አልመዘገበም። ማዕረግ የሚጨመርለት ጊዜ ነበር፤ የራሱን ስሕተት በራሱ እጅ መጻፍ ከበደው። አሜሪካ መጥቶ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ሲገናኙ ሀዲስ «ሳጅን፣ ደኅና ነዎት?» ብሎ ጨበጠው። ስለ አውቶቡሱ ግን አንድም ቀን አንሥቶበት አያውቅም። ከፈለም አላነሣም። አሥራ አንድ ዓመት እንዲሁ ተላለፉ።

«ቪዲዮ አለኝ» አለች ኤፍራታ። «መኪናው ውስጥ ካሜራ ነበረው። ማየት ካልከበደዎት።»

ከፈለ ስልኩን ተቀብሎ አየ። ሄኒ ቀጥታውን ጨረሰ፤ ቀኝ ጉልበቱ ወረደ። እንደገና ተነሥቶ ወረደ። ለሦስተኛ ጊዜም። «ወለል ነካ!» የሚል የሄኒ ጩኸት ተሰማ። ከፈለ መልሶ ያየው ጉልበቱን ብቻ ነው።

በማግሥቱ ወደ ሀዲስ ጋራዥ ሄደ። በሩ ግማሽ ድረስ ወርዷል። ሀዲስ ከአሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ እጁን ይመለከታል።

«መጡ ሳጅን? ሊጽፉብኝ ነው?»

«ልጠይቅህ ነው። ምን ሠራህለት?»

«አራቱንም ሸራ ቀየርኩ። የፍሬን ዘይቱንም ከአራቱም ጎማ አስወጥቼ አዲስ ሞላሁ። ትራክ ላይ አሮጌ ዘይት እንደሚፈላ ያውቁታል።»

«የታሸገ ነበር?»

«ሄኒና ጓደኛው ፊት ነው የከፈትኩት።»

«የተረፈውስ?»

ሀዲስ አንገቱን ደፋ። «ሰጠኋቸው። ሜዳው ላይ አየር ማስወጣት ካስፈለጋቸው መሙያ ይሆናቸዋል ብዬ። በውሃ ሃይላንድ፣ እስከ አንገቱ ግጥም አድርጌ ሞልቼ።»

«ጻፍክበት?»

«አልጻፍኩም። ውሃ መስሏቸው እንዳይጠጡት ብዬ ወረቀቱን ልጬዋለሁ።»

«ይህን ሁሉ ዓመት አሜሪካ ኖረህ ዛሬም በሃይላንድ?»

«እጄ ለምዶ ነው። እኛ ምኑን በሃይላንድ አልያዝን?» ሀዲስ ሊስቅ ሞክሮ ተወው። «ሳጅን፣ ሸራውን አጥብቄዋለሁ። እምላለሁ። ግን አሁን አሁን እጄን አላምነውም። የአንድ ሰው መኪና ከፍቼ መዝጋት አቃተኝ። እኔ ከሆንኩ አንተ ነህ ይበሉኝ፤ ልረፍ።»

የተጨፈለቀው መኪና በተጎተቱ መኪኖች ግቢ ተቀምጧል። ከፈለ ከኤፍራታ ጋር ሄዶ ከአራቱ ጎማዎች ፍሬን ጥቂት ጥቂት ዘይት በአራት ትናንሽ ብልቃጥ አወጣ። ከዚያ እስክሪብቶ የምትመስል መሣሪያ ከኪሱ አውጥቶ በየተራ ነከረ። ዘይት ውስጥ ውሃ ካለ ቀይ ታበራለች። የኋለኞቹ ሁለቱ አረንጓዴ ሆኑ። የፊተኞቹ ሁለቱ ቀይ።

«የዚያን ቀን የፍሬኑን አየር ያስወጣ ሰው አለ?»

«አዎ። በመጀመሪያው ዙር ሄኒ ‹ፔዳሉ ለስለስ አለብኝ› ብሎ ወጣ። እሱ ለሾፌሮች ስብሰባ ሲጠራ ኃይሌ እኔ እሠራዋለሁ አለ።»

ኃይሌ የምትለው ኃይለልዑል የሄኒ ጓደኛ ነው፤ ከልጅነታቸው ጀምሮ አይለያዩም።

«አንቺስ?»

«ውስጥ ተቀምጬ ፔዳል እረግጣለሁ። እሱ ይፈታል፣ ይሞላል። ‹ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ› ሲለኝ ነው የምሰማው፤ ኮፈኑ ተከፍቶ ስለነበር አላየውም። የፊቶቹን ብቻ ነው የሠራነው፤ ጊዜ አልነበረም።»

«የመሣሪያው ቦርሳ የት ገባ?»

«እኔ ጋ። ያኔውኑ ከሄልሜቱ ጋር ይዤው መጣሁ። አልከፈትኩትም፤ ሆዴ አልቻለም።»

የመኪናዋን ትራንክ ከፈተችለት። ከቦርሳው ውስጥ ከመፍቻዎቹ ሥር ወረቀት የሌለው የውሃ ጠርሙስ አለ። ወደ ቢጫ የሚያደላ ፈሳሽ እስከ አንገቱ ድረስ ሞልቶታል። ከፈለ በብርሃን አንሥቶ ብዙ ተመለከተው። ይዞትም ሄደ።

ኃይለልዑል ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባለው ከተማ ስልክ ይጠግናል፤ ከፈለ ሱቁ ድረስ ሄደ። ጉንጩ ጎድጉዷል።

«ጋሼ፣ ለፖሊስ ሁሉንም ተናግሬያለሁ።»

«ለእኔ አልተናገርክም። ከምን ሞላኸው?»

«ጋሽ ሀዲስ ከሰጠን ሃይላንድ።»

«ስንት ሄደ?»

«ግማሽ። ግማሽ ያህል።»

«የቀረውስ?»

«እ... ጣልኩት መሰለኝ። ያኔ ራሴን አላውቅም ነበር።» ዓይኑን ሳያነሣ ጨመረ፤ «ዘይቱ ራሱ መጥፎ ነበር ይሆናል እኮ።»

«ይሆናል» አለ ከፈለ። «እሑድ አርባው ነው። እንዳትቀር።»

ከዚያ ወደ ሄኒ እናት ቤት ሄደ። ወይዘሮ የወይንሐረግ ጥቁር ለብሰው ከፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ከማርያም ሥዕል ሥር ወረቀቱ የተላጠ፣ ግማሹ የጎደለ የውሃ ጠርሙስ ቆሟል።

«ይህ ምንድን ነው እመቤቴ?»

«ጸበል ነው። ያን ዕለት መኪናውን እርጩት ብዬ ለኃይሌ ሰጠሁት። ሄኒ ግን ግማሹን ጠጥቶት ኖሯል። ኃይሌ የቀረውን ሲመልስልኝ ነው የነገረኝ።» እጃቸውን በደረታቸው ላይ አደረጉ። «ልጄ ጸበል ቀምሶ ነው የሄደው። እብድ ብዬ እንዳልወጣ የያዘኝ እሱ ነው።»

ከፈለ የቀረበለትን ሻይ ሳይነካ ወጣ። በባቡር ወደ አሌክሳንድሪያ ሲመለስ መንገዱን ሁሉ አንድ ነገር አስጨነቀው። «ውሃ ገብቶበታል» ብሎ ከየት እንደገባ ሳይናገር መተው ይችላል። እናትየዋ መጽናኛቸው ይቀርላቸዋል። ግን ዘይቱን የሞላው ሀዲስ ነውና ውሃውም የእርሱ ይሆናል። ዝም ማለት ማንን እንደሚያሳስር ከፈለ ያውቀዋል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቤቱ ሞላ። ምግቡ ተነሥቶ እንግዳው ሲሳሳ ከፈለ ሀዲስን ይዞ ገባ። የእናትየዋ ወንድም፣ ባለታክሲው ታዴዎስ፣ ብድግ አለ።

«ይሄን ሰው ማን ጠራው?»

«እኔ።»

«እርስዎ ደግሞ የማን ጠበቃ ነዎት?»

«የማንም። ቁጭ በልና ስማኝ፤ አንተም ሾፌር ነህ። ትኩስ ሸራ ሲከዳህ ፔዳሉ ምን ይሆናል?»

ታዴዎስ ሳይወድ መለሰ። «ይደርቃል። ትረግጠዋለህ፣ ድንጋይ ነው፤ መኪናው ግን አይቆምም።»

«ሄኒን ግን ጉልበቱ ሦስት ጊዜ ሲወርድ፣ ‹ወለል ነካ› ብሎም ሲጮኽ በቪዲዮው አይተነዋል። ስለዚህ ሸራው አይደለም። ዘይቱ ፈልቷል። ዘይት ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ሲረገጥ ይጨመቃል፤ እግር መያዣ ያጣል። በማግሥቱ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆንና ፔዳሉ ይጠነክራል። የሜዳው ሰዎች የረገጡት የቀዘቀዘውን ነው።»

«ታዲያ ዘይቱን የሞላው ማን ሆነና! እሱ አይደለም?» ታዴዎስ ወደ ሀዲስ ጠቆመ።

«ዘይት ቶሎ የሚፈላው ውሃ ሲገባበት ነው። ሀዲስ አራቱንም ጎማ ሞልቷል። ውሃ የተገኘው በፊተኞቹ ሁለት ብቻ ነው፤ ኤፍራታ አብራኝ አይታለች። የእርሱ ዘይት ቢሆን ጥፋተኛው የኋለኞቹም ቀይ ባበሩ ነበር። ውሃው የገባው ከጋራዥ ከወጣ በኋላ፣ የፊቶቹ ብቻ ሲሠሩ ነው። እዚያው ሜዳው ላይ።»

ኤፍራታ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «እኔ ነበርኩ ፔዳሉን የምረግጠው።»

«አንቺ የረገጥሽው የተሞላውን ነው። የሞላው ኃይለልዑል ነው። ከሀዲስ ጠርሙስ ግማሹን እንደሞላ ነግሮኛል። የሀዲስ ጠርሙስ ግን ይኸው፤ ከቦርሳው ነው ያወጣነው። እስከ አንገቱ ሙሉ ነው። አንድ ጠብታ አልቀነሰም።»

ኃይለልዑል ከግድግዳው ተጣበቀ። ከፈለ ቀጥሎ የሚለውን ያውቃል። ወደ ወይዘሮ የወይንሐረግ ሳያይ ጠየቀ።

«ኤፍራታ፣ ያን ጠዋት ቁርስ በልታችኋል?»

«አዎ። መንገድ ላይ ጋዝ ስቴሽን ቆመን እንቁላል በዳቦ በላን። ሄኒ እንዲያውም ሁለት በላ። ለምን?»

 መጀመሪያ የገባቸው እናትየዋ ናቸው።

«ልጄ በልቶ ጸበል አይጠጣም» አሉ ቀስ ብለው። «በባዶ ሆድ ነው እንጂ። ከሕፃንነቱ ያስተማርኩት ነው።» ከሥዕሉ ሥር ወዳለው ጠርሙስ ዞሩ። «ኃይሌ፤ ግማሹ የት ሄደ?»

ኃይለልዑል ተንበረከከ። «ሁለቱም ወረቀት አልነበራቸውም እማዬ። የመሣሪያው ቦርሳ ውስጥ ጎን ለጎን ነበሩ። ‹መኪኖች ውጡ› ተብሎ ነበር፤ ቸኮልኩ። ሲጋጭ ጠርሙሱ እጄ ላይ ነበር። አሸተትኩት፤ አይሸትም።»

«ታዲያ ይዘኸው የመጣኸው ለምንድን ነው? አትደፋውም ነበር!» ጮኸ ታዴዎስ።

«ጸበል እንዴት ይደፋል?»

ኃይለልዑል ቀጠለ። «እማዬ ‹ጸበሉስ?› ስትለኝ ጠጣው አልኩ። ከዚያ በኋላ መመለስ አቃተኝ። ሰዉ ጋሽ ሀዲስን ሲል ዝም አልኩ።»

«ሳይቀምስ ነው የሄደው» አሉ ወይዘሮ የወይንሐረግ፤ ለማንም አልነበረም። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ። ታዴዎስ ኃይለልዑልን አንገቱን ይዞ ሊያወጣው ተነሣ።

«ተወው!» አሉ ከነጠላው ሥር። «የት ልትሰደው ነው? ይልቅ አርባ ቀን ሙሉ ያማነውን ሰው ይቅርታ ጠይቅ።»

ታዴዎስ ቆሞ ቀረ። ሀዲስ ቀደመው። «እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ባልጻፍኩበት ጠርሙስ ባልሰጣቸው ይህ ባልሆነ።»

«እሱን ለራስህ ያዘው» አለ ከፈለ። «ይቅርታው ግን ቆይቶ ይሁን፤ ከእኔ ይጀመር። ሁላችሁም ስሙኝ። ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ይህን ሰው ያሳሰርኩት እኔ ነኝ። ያኔ ተሳስቼ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ጥፋቱ የሾፌሩ እንደነበር ምስክር መጥቶ ነገረኝ። ዝም አልኩ። ሃያ ሦስት ዓመት አውቄ ዝም አልኩ።»

ሀዲስ ወደ እርሱ ዞረ። 

«ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሀዲስ ስልኩን አወጣ። ቁጥር ነካ። «አገር ቤት ያለችው እናቴ ዘጠና አንድ ዓመቷ ነው። ‹ልጅሽ ሰው ፈጅቶ ታሰረ› ብለዋት በሰፈሩ አንገቷን ደፍታ ነው የኖረችው። እኔ ብነግራት ‹ልታጽናናኝ ነው› ትላለች። እርስዎ ይንገሯት።»

ከፈለ ስልኩን ተቀበለ። ከወዲያ ደካማ ድምፅ «አቤት» አለ።

«እማማ፣ ከፈለ እባላለሁ። ሀዲስን ያሳሰርኩት ፖሊስ ነኝ። ሀዲስ ጥፋት አልነበረበትም።»

«ጮክ በል ልጄ፤ ጆሮዬ አይሰማም።»

ከፈለ ተነሥቶ ቆመ። ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማው ጮኸ። «ሀዲስ ጥፋት አልነበረበትም! አውቄ ነው የደበቅኩት!»

 ከወዲያ የበር መንጓጓት ተሰማ።

«ቆይ፣ አትዝጋው» አሉ አሮጊቷ። «ጎረቤቶቼን ልጥራ፤ እነሱም ይስሙ።»

ከፈለ ስልኩን ይዞ ቆሞ ጠበቀ። ብዙ እግር ሲገባ ሰማ። ከዚያ ለሦስተኛ ጊዜ ተናገረው።